የእንግዳችሁ ቪዛ ሳይቃጠል

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የውጭ ዜጋ እንግዳ የተቀበላችሁ፣ ቪዛ ለማራዘም የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቁ። መጀመሪያ የኢ-ቪዛውን (በኢንተርኔት የሚወጣውን ቪዛ) ወረቀት አውጥታችሁ እዩ። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው እንግዳው ቦሌ ከደረሰበት ዕለት ሳይሆን፣ ሲያመለክት «እገባለሁ» ብሎ ከሞላው ቀን ነው። ጃንዋሪ 1 ብሎ ሞልቶ ጃንዋሪ 10 ከገባ፣ የ30 ቀን ቪዛ ከሆነ ዘጠኙ ቀን ሳይመጣ አልቋል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ከሚያበቃበት ቀን ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ቁጠሩና ማመልከቻውን ያን ዕለት አስገቡ። ቪዛው ላይ ያለው የፈረንጆች ቀን ስለሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር ገልብጣችሁ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ። ፎቶው ደብዝዞ ወይም ሰነድ ጎድሎ ቢመለስባችሁ እንደገና ለመላክ ጊዜ አላችሁ። አዲስ አበባ መሄድ ግድ ቢሆን እንኳ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ቀኑን ይጨርሳል። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጥራል፣ ያውም በዶላር።

ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቪዛ ስለማያስፈልገው ይህ አይመለከተውም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥሮ የሚሠራም የቱሪስት ቪዛ ከማራዘም ይልቅ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን በድርጅቱ በኩል ይጨርስ።