ጥርስ መቦረሽ አሻፈረኝ ያለ ሕፃን፦ እምቢታው ከየት ነው የሚጀምረው?

ማታ ነው። ሁላችሁም ደክሟችኋል። ብሩሹን ይዛችሁ ብቅ ስትሉ ልጁ አፉን ግጥም አድርጎ ይዘጋል፣ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፣ ካልሆነም ሮጦ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። "እልኸኛ ሆኖብኝ ነው" ትላላችሁ። እኔም ለወራት እንደዛ ነበር የምለው። በኋላ ነው እምቢታ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ የገባኝ። ያመመው ልጅና "እኔ ራሴ" የሚል ልጅ እኩል ይጮኻሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ላመመው ልጅ ብትዘፍኑለት ምንም አይፈይድለትም። ስለዚህ ዘዴ ከመቀያየራችሁ በፊት ለሁለት ለሦስት ቀን እምቢታው የሚጀምርበትን ቅጽበት ብቻ ልብ በሉ። ብሩሹን ሲያይ ነው? አፉ ውስጥ ሲገባ? አንድ የተወሰነ ቦታ ሲደርስ? ወይስ ገና "እንቦርሽ" ስትሉት?

የላይኛው የፊት ጥርስ ላይ ስትደርሱ ይጮኻል

እኔን የሸወደኝ ይሄኛው ነው። ልጄ የታች ጥርሷን ስቦርሽላት ዝም ትላለች። ወደ ላይ ስሄድ ግን እጄን ገፍታ ታለቅሳለች። ቅብጠት መስሎኝ ስንት ማታ ተጣላን። አንድ ቀን በስልክ መብራት ከንፈሯን ገለጥ አድርጌ አየሁት። ከላይኛው ከንፈር ከውስጥ በኩል ተነስታ ከሁለቱ የፊት ጥርሶች በላይ ድዱ ላይ የምትጣበቅ ቀጭን የሥጋ ክር አለች፤ እሷ ቀልታለች። ለካ ማታ ማታ የብሩሹ ጠርዝ እሷን ነበር የሚመታት! ይህች ክር ሁላችንም አለችን፣ በምላሳችሁ ብትፈልጉ ታገኟታላችሁ። ሕፃናት ላይ ግን ወደ ጥርሱ ዝቅ ብላ ስለምትያያዝ ብሩሹ በቀላሉ ይደርስባታል፣ ስትነካ ደግሞ በጣም ታማለች።

መፍትሄው የአንድ ጣት ሥራ ነው። ሌባ ጣታችሁን ከንፈሩ ሥር አስገብታችሁ ክሯ ላይ በአግድም አሳርፉ። በዚያው ከንፈሩን ቀና አድርጉና ከጣታችሁ በታች ቦርሹ። ብሩሹ ቢያመልጣችሁ የሚመታው የእናንተን ጣት ነው። እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ አትሳቡት፣ ቀስ እያላችሁ ትንንሽ ክብ ሥሩ። እኛ ቤት ለቅሶው በአንድ ማታ አልቆመም። ሕመሙ ቀርቶም "ያመኛል" ብላ መጠበቋን እስክትረሳ አንድ ሳምንት ገደማ ፈጅቷል።

እስከ ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ድንገት እምቢ አለ

ድንገት ከሆነ መጀመሪያ ሕመም ጠርጥሩ። የፊተኞቹ መንጋጋዎች ከ13 እስከ 19 ወር ገደማ ይወጣሉ፣ የኋለኞቹ ደግሞ ከ23 እስከ 33 ወር ባለው ጊዜ። እጃችሁን ታጥባችሁ በጣታችሁ የኋላውን ድድ ዳሰስ አድርጉ። አበጥ፣ ጠጠር ብሎ ካገኛችሁት ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ከመቦረሹ በፊት ቀዝቀዝ ያለ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ያኝክ፤ ያመመውን ቦታ በጨርቅ ጠረግ፣ ሌላውን እንደወትሮው ቦረሽ ማድረግ ነው። ቤንዞካይን ያለበትን የድድ ማደንዘዣ ቅባት ግን ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንዳትቀቡ፣ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ሊያዛባበት ይችላል።

ድዱ ወይም ምላሱ ላይ ቁስል ካያችሁ፣ ትኩሳት ካለው፣ መጠጣትም ካስጠላው ነገሩ የመቦረሽ ጉዳይ አይደለም። ሐኪም ይየው።

ሳሙናው ምላሱን ሲነካ ፊቱን አጨማዶ ይተፋል

ለእኛ "ቀዝቀዝ" የሚለን ሚንት ለሕፃን ምላስ ያቃጥላል። አረፋው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ አፉ በድንገት ሲሞላበት የሚደነግጥ ልጅ አለ። ሚንት የሌለው፣ ከተገኘም ጣዕም የሌለው ሳሙና ሞክሩ። አረፋው ከሆነ ያስቸገረው፣ ከጀርባው ያለውን ዝርዝር አንብባችሁ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሌለበትን ምረጡ፣ አረፋውን በብዛት የሚያመጣው እሱ ነው። ፍሎራይዱን ግን አትተዉ። ጥርስን ከመበስበስ የሚጠብቀው ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ ቢያንስ 1000 ፒፒኤም (የፍሎራይዱ መጠን የሚለካበት፣ ቱቦው ላይ ppm ተብሎ የሚጻፍ) ያለውን ያዙ።

መጠኑም ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ማስታወቂያ ላይ ብሩሹ ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ የሚታየው ክምር ለሕፃን አይደለም። ከ3 ዓመት በታች ላለ የሩዝ ፍሬ የምታህል ብቻ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል። የሩዝ ፍሬዋን ቢውጣት አትደንግጡ፣ በዚህ ዕድሜ መትፋት አይችሉም። ቱቦውን ግን እጁ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። መትፋት ከቻለ በኋላም ይትፋ እንጂ በውሃ አይጉመጥመጥ፣ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል።

ብሩሹ ወደ ኋላ ሲሄድ ያስመልሰዋል

ብዙ ጊዜ የብሩሹ ራስ ትልቅ ነው፣ ወይ ምላሱን ተጭናችሁታል። ራሱ ትንሽ፣ ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ የሕፃን ብሩሽ ያዙ። ከፊት ጀምራችሁ በጉንጩ በኩል ወደ ኋላ ተንሸራተቱ፣ የውስጡን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ልክ በልቶ እንደጨረሰም አትጀምሩ።

"እኔ ራሴ!"

ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ዋናው ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። ልጁ የሚጠላው መቦረሹን ሳይሆን ሳይጠየቅ አፉ ውስጥ መግባታችሁን ነው። እስቲ አስቡት፣ ሦስት እጥፍ የሚበልጣችሁ ሰው ከላይ ጎንበስ ብሎ አፋችሁ ውስጥ እንጨት ቢከት ዝም ትላላችሁ?

እኛን ያዳነን ሁለት ብሩሽ ነው። አንዱን እሷ ትይዛለች፣ አንዱን እኔ። የሷን ታኝከው፣ አሻንጉሊቷን ትቦርሽበት፣ የኔን ጥርስም ትቦርሽ (ድዴ ስንቴ እንደደማ አልነግራችሁም)። ከዚያ ተራው የኔ ነው። መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ እኔ፤ ይህ ቅደም ተከተል አንድም ማታ አይቀየርም። የሷ ተራ ለክብሯ ነው፣ ጥርሱን የሚያጸዳው የኔው ነው። እንዲያውም ልጆች እስከ 7 እና 8 ዓመታቸው ድረስ ብቻቸውን በደንብ መቦረሽ አይችሉም፣ የእጃቸው ቅልጥፍና ገና ነው። ስለዚህ "ራሱ ይቦርሻል" ብሎ የ3 ዓመት ልጅን መተው መፍትሄ አይደለም። ደግሞ ብሩሽ አፉ ውስጥ አድርጎ አይሩጥ፣ ቢወድቅ ጉሮሮውን ይወጋዋል። ቁጭ ብሎ ብቻ።

አነጋገራችሁንም ፈትሹ። "ጥርስህን እንቦርሽ?" ብላችሁ ከጠየቃችሁት "አይ" የሚል መልስ ራሳችሁ ጠርታችኋል፤ ጠይቃችሁት ሲያበቃ "አይ" ሲል ደግሞ ግድ ብትሉት ጥያቄው የውሸት እንደነበር ይገባዋል። መቦረሹ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ሌላው ነው፦ ቀዩ ብሩሽ ይሁን ሰማያዊው? ከላይ እንጀምር ከታች? ሁለት ምርጫ ይበቃል፣ አምስት ካቀረባችሁለት እስኪመርጥ ይነጋል።

ጭንቅላቱን ያዞራል፣ አይረጋም

ቆሞ ፊት ለፊት መቦረሽ ከሁሉም የከፋው አቋቋም ነው። ጭንቅላቱን የሚያስደግፍበት የለውም፣ እናንተም ውስጡን አታዩም። አስተኙት። መሬት ወይ አልጋ ላይ ተቀምጣችሁ ጭንቅላቱን ጭናችሁ ላይ፣ እግሩን ወደ ፊት። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት የላይኛው መንጋጋ ሳይቀር ወለል ብሎ ይታያል፣ እሱም ፊታችሁን እያየ ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ካላችሁ ጉልበት ለጉልበት ገጥማችሁ ተቀመጡ። አንዱ ልጁን ፊቱን ወደ ራሱ አድርጎ ይያዝ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ጋደም አድርጎ ጭንቅላቱን ሌላው ጭን ላይ ያሳርፈው። የጥርስ ሐኪሞችም ሕፃናትን ሲመረምሩ እንዲህ ያደርጋሉ።

አፉን ከዘጋ "ዒ" አስብሉት፣ ጥርሱ ተገጥሞም ቢሆን የፊቱ ይቦረሻል። ቀጥሎ እንደ አንበሳ "ኣ"። ባይልም ጣታችሁን በጉንጩ ውስጥ፣ ከጥርሱ ውጭ በኩል ወደ ኋላ ቀስ አድርጋችሁ ስደዱ፣ ብዙዎቹ ይከፍታሉ። ጥርሶቹ መሃል ግን ጣት አታስገቡ፤ እኔ ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው የምነግራችሁ።

ጠዋት ሰላም ነው፣ ማታ ማታ ብቻ ጦርነት

ሰዓቱን ቀይሩ። ዓይኑ እየተከደነ ያለ ልጅ ምንም ነገር እሺ አይልም። እራቱን በልቶ ትንሽ ከቆየ በኋላ፣ ገና ሳይደክመው ቦርሹት። ከዚያ ወዲያ ውሃ ብቻ። መኝታ ቤት ካልገባን አይቦረሽም የሚል ሕግ የለም፣ ሳሎን ምንጣፍ ላይም ይሆናል። የማታውን ግን ሙሉ በሙሉ አትተዉት። ሲተኛ ምራቁ ይቀንሳል፣ ጥርሱን የሚያጥብለት የለም። ወተት ያለበት ጡጦ ይዞ ማንቀላፋት በተለይ የላይኞቹን የፊት ጥርሶች ቶሎ ይጎዳል፣ የታችኞቹን ምላስና ምራቅ ይከልሏቸዋል።

በጉልበት ይዞ መቦረሽስ?

በየማታው እጅና እግሩን ይዛችሁ ከሆነ አቁሙ። ጥርሱ ይጸዳ ይሆናል፣ ነገ ግን ብሩሹን ሲያይ ገና ይሸሻል። የሚመከረው 2 ደቂቃ ቢሆንም በትግል ከሚያልፍ 2 ደቂቃ በሰላም ያለፈች 30 ሰከንድ ትሻለኛለች፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨመርባታል። ግን "የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወድቃል" ብላችሁም አትተዉት። የኋላ መንጋጋዎቹ እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ አይወድቁም፣ የወተት ጥርስ ሽፋንም ስስ ስለሆነ ሲበሰብስ ይፈጥናል።

የቦረሻችሁት በቂ መሆኑን ማወቂያው ደግሞ ያው ከንፈሩ ነው። በወር አንዴ ብርሃን ባለበት ገልጣችሁ ከድዱ አጠገብ ያለውን የጥርሱን ጠርዝ እዩ። ቢጠረግ የማይለቅ፣ እንደ ጠመኔ የነጣ መስመር ካለ የመበስበስ መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል የጥርስ ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ በዚህ ደረጃ ከተደረሰበት ሊመለስ ይችላል። ቡናማ ነጥብ ወይም ቀዳዳ ካያችሁ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ማኘክ ከጀመረ ወይም ሌሊት ጥርሴን እያለ ከነቃ እስከ ሌላ ወር አትቆዩ። ምንም ባይታይም የመጀመሪያው ምርመራ 1 ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው። ያኔ ሲቦርሹለት የሚጮህበትን ቦታ ለሐኪሙ በጣታችሁ አሳዩት።