ኢንተርኔት ለሌለው ክፍል የኢንተርኔትን ትምህርት እንዴት እናድርስ?

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ወይም ያስተማረ ሰው ፕላዝማን አይረሳውም። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ ሥዕሉ ያምራል፣ እንግሊዝኛው ይፈጥናል። ተማሪ አልገባኝም ብሎ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አይጠብቀውም። መምህሩም ጥግ ይዞ ከመመልከት በቀር ብዙ የሚያደርገው አልነበረም፤ ስርጭቱ ሲያበቃ የምትተርፈው ጥቂት ደቂቃ ያመለጠውን ሁሉ ለማስረዳት አትበቃም። እኔ እንደማምነው ትልቁ ችግር ማቆሚያው በመምህሩ እጅ አለመሆኑ ነበር።

ዛሬ ማቆሚያው በእጃችን ገብቷል። በነጻ የሚታደሉ ምርጥ የትምህርት መሣሪያዎች አሉ፤ ብዙዎቹም አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። አንድ አሮጌ ላፕቶፕና አንድ ፍላሽ ያለው መምህር፣ ወይም ከሥራ በኋላ እቤቱ ሆኖ መማር የሚፈልግ ማንኛውም ሰው፣ በጥቂት ሌሊቶች የራሱን ቤተ መጻሕፍት ማደራጀት ይችላል። አሠራሩን በቅደም ተከተል እነግርዎታለሁ። ምሳሌዬ ወደ ፊዚክስ ቢያደላ የማስተምረው እሱን ስለሆነ ነው።

1. ከማውረድዎ በፊት የዓመቱን ዕቅድ ይክፈቱ

ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከተቃራኒው ጫፍ ነው። ከቴሌግራም ያገኘነውን ፒዲኤፍ ሁሉ እናወርዳለን፤ ስልኩ ይሞላል፣ አንዱም ሳይከፈት ዓመቱ ያልቃል። ይልቁንስ የትምህርት ዕቅድዎን ያውጡና ተማሪዎች በየዓመቱ የሚሰናከሉባቸውን ሦስት ርዕሶች ብቻ ይምረጡ። በቃል ሲነገሩ የማይታዩ፣ ትምህርት ቤቱ መሣሪያ ያላገኘላቸው ርዕሶች ይቅደሙ፤ የኤሌክትሪክ ዑደት፣ የአቶም አሠራር፣ የኬሚካል እኩልታ ማመጣጠን፣ ለታናናሾቹ ደግሞ ክፍልፋይ። ከሦስት በላይ አይምረጡ። ሦስቱ በደንብ ከሠሩልዎት አራተኛውን በሚቀጥለው ሴሚስተር ይጨምሩታል።

2. ፍላሹን ያዘጋጁ

ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር እኔን አንድ ሙሉ ሌሊት አስከፍሎኛል። የወረደው ፋይል ትልቅ ነበር፤ ፍላሹም ባዶ ነበር፤ ነገር ግን ልገለብጠው ስል ኮምፒውተሩ እንቢ አለ። ምክንያቱ ፍላሹ የተዘጋጀበት ስልት ነው። ፋት 32 በሚባለው ስልት የተዘጋጀ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ፣ ምንም ያህል ባዶ ቦታ ቢኖረው፣ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። መፍትሔው ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ፎርማት ማድረግና ከሚቀርቡት አማራጮች ኤክስፋት የሚለውን መምረጥ ነው። ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ የፈተና ወረቀትዎንና የልጆችዎን ፎቶ አስቀድመው ሌላ ቦታ ያኑሩ።

ለማውረዱ የሌሊት ጥቅል ይሻላል፤ መስመሩም ይፈጥናል። መብራት ወይም ኔትወርክ በመሃል ቢቋረጥ ከቆመበት የሚቀጥል የማውረጃ ፕሮግራም ይጠቀሙ። ይህን ካላደረጉ 90 በመቶ የወረደ ፋይል ከዜሮ ሊጀምርብዎ ይችላል።

3. የሚንቀሳቀሱትን ሙከራዎች ያውርዱ

አንድ ነገር ብቻ የማውረድ ዕድል ያለው መምህር ቢጠይቀኝ ፔትን እለዋለሁ። በላቲን ፊደል ፒ፣ ኤች፣ ኢ፣ ቲ ብለው ቢፈልጉ ያገኙታል። እ.ኤ.አ. በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዱ የሆነው ካርል ዊማን በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሥራ ነው። በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በሒሳብና በባዮሎጂ ተማሪው ራሱ እየነካካ የሚሞክራቸው ሙከራዎች አሉት።

አወራረዱ ቀላል ነው። የፈለጉትን ሙከራ ይክፈቱ፤ ከሥሩ ያለውን የማውረጃ ምልክት ይጫኑ። የሚወርደው አንድ ፋይል ሲሆን ክብደቱ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ከአንድ አጭር ቪዲዮ አይበልጥም። ፋይሉን ሁለት ጊዜ ሲጫኑት በብራውዘር ይከፈታል፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ጃቫ የሚል የተጻፈባቸውን አሮጌ ሙከራዎች ይተዋቸው፤ በዛሬ ኮምፒውተሮች ላይ አስቸጋሪ ናቸው፣ በስልክም አይሠሩም። የተወሰኑት ሙከራዎች ወደ አማርኛ ተተርጉመዋል፤ ከሙከራው ገጽ ላይ የትርጉሞቹን ዝርዝር ይመልከቱ። የቀሩትንም መተርጎም የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ጠይቆ መተርጎም ይችላል። የሳይንስ ቃላትን በአማርኛ አሳምረው የሚያስረዱ መምህራን ይህን ዕድል ቢጠቀሙበት ምንኛ ደስ ባለኝ።

4. አንዱን ሙከራ ወደ ክፍል ይዘው ይግቡ

እዚህ ላይ ረጋ ልበል፤ ከማውረዱ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው።

ሰርኪዩት ኮንስትራክሽን ኪት ዲሲ የሚባለውን የፔት ሙከራ እንውሰድ። በሳጥኑ ውስጥ ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖልና መለኪያዎች አሉ። ባትሪው ሲጀመር 9 ቮልት፣ አምፖሉ 10 ኦም ነው። አንድ አምፖል ከባትሪው ጋር ሲያገናኙ መለኪያው 0.90 አምፔር ያነባል። ተማሪዎች ይህን በኦም ሕግ ራሳቸው ያስሉት፤ 9ን ለ10 ማካፈል ነው።

አሁን ያቁሙ። ሁለተኛ አምፖል ከመጀመሪያው ቀጥሎ፣ ማለትም በተከታታይ፣ ቢገባ ምን ይሆናል? የትኛው ይደምቃል? እያንዳንዱ ተማሪ መልሱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ሳይጽፍ የሚያይ ተማሪ ካየ በኋላ «እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር» ይላል፤ የጻፈው ግን ከራሱ ሐሳብ ጋር ይፋጠጣል። በየዓመቱ የምሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ የመጀመሪያው አምፖል ጅረቱን ይበላዋል፣ ለሁለተኛው ትራፊው ይደርሰዋል፣ ስለዚህ ሁለተኛው ይደበዝዛል። መልሱ የማይረባ አይደለም። አንድ ማዕድ ላይ ለተቀመጡ ሰዎች ቢሆን ልክ ይሆን ነበር።

ከዚያ ያገናኙት። ሁለቱም አምፖሎች እኩል ይደበዝዛሉ። መለኪያውን ከመጀመሪያው በፊት፣ በመሃላቸውና ከሁለተኛው በኋላ ያስቀምጡት፤ በሦስቱም ቦታ 0.45 ይላል። የተበላ ጅረት የለም። ክፍሉ ዝም የሚልባት ቅጽበት ይህች ናት፤ አይቸኩሉባት። ለምን ይመስላችኋል ብለው ይጠይቁና ይጠብቁ። ፕላዝማው ሊጠብቅልን ያልቻለው ይህችን ደቂቃ ነበር።

ቀጥሎ አምፖሎቹን ጎን ለጎን፣ በትይዩ፣ ያገናኙ። ሁለቱም እንደ መጀመሪያው ይደምቃሉ፤ ከባትሪው የሚወጣው ጅረት ግን 1.80 አምፔር ሆኗል። የሳሎን አምፖል ሲቃጠል የጓዳው ለምን እንደማይጠፋ ከዚህ ይገባቸዋል። በመጨረሻ የባትሪውን ሁለት ጫፍ በሽቦ ብቻ ያገናኙ፤ ሙከራው ላይ እሳት ይነሳል። ተማሪዎች ይስቃሉ፤ እርስዎ ግን በቤት ሶኬት ላይ 220 ቮልት መኖሩን ያን ጊዜ ይንገሯቸው፤ እንዲህ የተነገረ ማስጠንቀቂያ አይረሳም።

ፕሮጀክተር ከሌለ አይተዉት። ተማሪዎችን በአስር በአስር ይከፋፍሉ፤ አንዱ ቡድን ላፕቶፑ ዘንድ ሲመጣ ሌሎቹ ዑደቱን ደብተራቸው ላይ ይሣሉ፣ ግምታቸውንም ይጻፉ። ሁለት የባትሪ ድንጋይና የእጅ ባትሪ አምፖል ካገኙ ደግሞ እውነተኛውን ያስቀድሙ። በስክሪን ላይ ያለው አምፖል ሲግል ባሕርዩ አይለወጥም፤ የእውነቱ ይለወጣል። ተማሪ ሁለቱንም ቢያይ ይጠቀማል።

5. መዝገበ ዕውቀቱን በኪዊክስ ያስገቡ

ኪዊክስ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረ፣ ዊኪፒዲያንና መሰል ገጾችን ያለ ኢንተርኔት የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም ነው። አጻጻፉ ኬ፣ አይ፣ ደብሊው፣ አይ፣ ኤክስ ነው፤ በኮምፒውተርም በስልክም ይሠራል። ፕሮግራሙን ከጫኑ በኋላ ዚም የሚባሉትን ፋይሎች ያወርዳሉ፤ አንድ ዚም አንድ ሙሉ ድረ ገጽ ተጨምቆ የገባበት ፋይል ነው።

ምርጫ ላይ ይጠንቀቁ። ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው። ሥዕል የሌለው ቅጂም አለ፤ ለትምህርት ቤት ግን በየትምህርቱ ተለይተው የተዘጋጁት ትናንሾቹ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የሒሳብና የሕክምና ስብስቦች፣ በቂ ናቸው። በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውን ዊኪፒዲያ አይለፉት፤ በእንግሊዝኛ መማር ለጀመረ የኢትዮጵያ ተማሪ ከዋናው ይልቅ ይጠቅመዋል። የአማርኛው ዊኪፒዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች አሉት፤ አነስተኛ ስለሆነ በማንኛውም ስልክ ላይ ያርፋል። ብዙዎቹ ጽሑፎች አጫጭር ናቸው፤ ቁጥርና ዓመተ ምሕረት ሲወስዱ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ያመሳክሩ።

6. ለተማሪዎች ስልክ ያካፍሉ

የአንድሮይድ ኪዊክስ ያወረዷቸውን ዚሞች ለሌሎች የማካፈያ አማራጭ አለው። ስልክዎ የዋይፋይ ሆትስፖት ይከፍታል፤ ተማሪዎቹ ከዚያ ጋር ይገናኙና ስክሪንዎ ላይ የሚታየውን አድራሻ በብራውዘራቸው ይጽፋሉ። ከማንም ሂሳብ ላይ ሳንቲም አይቆረጥም። አንድ ነገር ያዟቸው፤ የሞባይል ዳታቸውን ያጥፉ። ካላጠፉት ስልኩ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ ወደ ዳታ ይመለስና ገጹ አልከፈት ይላል። ስልክ ይዞ መግባት በተከለከለበት ትምህርት ቤት ደግሞ ርዕሰ መምህሩን አስቀድመው ያነጋግሩ፤ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ፈቃድ ይጠይቁ።

ጥቂት ኮምፒውተሮች ያሉት ትምህርት ቤት ከሆነ ኮሊብሪ የሚባለውን ነጻ የትምህርት ፕሮግራም ይመልከቱ። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ሌሎቹ ከእሱ ጋር በዋይፋይ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመሠረተው የካን አካዳሚ ቪዲዮዎችና መልመጃዎች በውስጡ አሉ። መምህሩ ክፍል ይመሠርታል፣ ፈተና ያወጣል፣ ማን የት ላይ እንደተቸገረ ያያል። ቪዲዮ ቦታ ስለሚበላ ሙሉውን አያውርዱ፤ በመጀመሪያ የመረጧቸውን ሦስት ርዕሶች ብቻ ይውሰዱ።

7. ለታናናሾችና ለትልልቆች

አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ለሚያስተምሩ የአፍሪካን ስቶሪቡክ አጫጭር ተረቶች አሉ፤ አማርኛም ይገኝበታል። በደረጃ ተለይተዋል፤ በፒዲኤፍ አውርዶ ማተም ይቻላል። ከአገር ውጭ ልጆቻቸውን አማርኛ ለሚያስተምሩ ወላጆችም እነዚህን እመክራለሁ፤ አረፍተ ነገሩ አጭር፣ ሥዕሉ ትልቅ ነው።

ትምህርቱን አቋርጦ መመለስ የሚፈልግ፣ ወይም ዲግሪ ይዞ ሌላ ዘርፍ የሚመኝ ሰው ደግሞ ኦፕንስታክስን ይፈልግ። በአሜሪካ ራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጁ የኮሌጅ መማሪያ መጻሕፍት ናቸው፤ በነጻና በሕጋዊ መንገድ በፒዲኤፍ ይወርዳሉ። አንድ መጽሐፍ ይምረጡ፤ በሳምንት አንድ ንዑስ ምዕራፍ ያንብቡ፣ ከምዕራፉ መጨረሻ አምስት ጥያቄ በእጅዎ ይሥሩ። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ኮርሶቹን በነጻ የሚያወጣበት ኦፕንኮርስዌርም የፈተና ወረቀት ከነመልሱ የሚገኝባቸው ኮርሶች አሉት፤ ብቻውን ለሚማር ሰው ፈተናው ከቪዲዮው ይበልጥ ይጠቅመዋል።

8. ከመግባትዎ በፊት በነበረው ምሽት

በፍላሹ ላይ ለእያንዳንዱ ርዕስ አንድ ፎልደር ይክፈቱ፤ ስሙን በአማርኛ ይጻፉ። የመማሪያ መጽሐፍ ፒዲኤፍ ካለዎት ሽፋኑን አይተው የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መሆኑን ያረጋግጡ፤ አሮጌው ቅጂ አሁንም በስፋት ይዘዋወራል። ላፕቶፑን ባትሪው እስኪሞላ ይሙሉት።

ከዚያ ዋይፋዩንና ዳታውን ያጥፉና እያንዳንዱን ፋይል አንድ በአንድ ይክፈቱ። ያልተከፈተውን ያን ምሽት ደግመው ያውርዱት፤ ካልሆነም ከነገው ዕቅድዎ ያውጡት። የሠራውን ሁሉ በሁለተኛ ፍላሽ ይገልብጡና ጎረቤት ክፍል ለሚያስተምረው ባልደረባዎ ይስጡት።