አንዱ «ለየ»፣ ብዙው እንግሊዝኛ፦ የተለመዱ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በአማርኛ «ለየ» አንድ ቃል ሆኖ ስንቱን ሥራ ይሸፍንልናል። ገበሬ እህሉን ከገለባው ይለያል፣ እናት መንታዎቿን ትለያለች፣ ሐኪም በሽታውን ይለያል፣ ምስክር ተጠርጣሪውን ይለያል። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁሉ የተለያየ ግስ ያቀርባል። መዝገበ ቃላቱ ግን «መለየት» በሚለው ትይዩ ሁሉንም በአንድ መስመር ስለሚደረድራቸው የፈለግነውን አንስተን እንጽፋለን፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ቃላቱን እንደ አነጋገራቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ።

ምልክት፦ ሲቪ ላይ «አይ ካን ዲስክሪሚኔት ከስተመርስ» ተብሎ ተጽፏል

ጸሐፊው ሊል የፈለገው «የየደንበኛውን ፍላጎት ለይቼ አውቃለሁ» ነው። ቀጣሪው የሚያነበው ግን «በደንበኞች መካከል አድልዎ አደርጋለሁ» የሚል ኑዛዜ ነው።

መንስኤው ቃሉ ባለ ሁለት ፊት መሆኑ ነው። ዲስክሪሚኔት ቢትዊን ሲሆን መለየት ነው፤ ዲስክሪሚኔት አጌንስት ሲሆን ማዳላት፣ ማግለል ነው። ስለ ሰው ሲወራ ሁለተኛው ፍቺ የመጀመሪያውን ውጦታል። የአሜሪካ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አሠሪዎች በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር እንዳያደርጉት የከለከለው በዚሁ ቃል ነው፤ የቅጥር ሠራተኛ ደግሞ ቃሉን ከነሕጉ ነው የሚያውቀው።

መፍትሄው፦ ስለ ሰው ስትጽፉ ተዉት። «አይ ካን ቴል ዋት ኢች ከስተመር ኒድስ» ቀላልም ትክክልም ነው። ለመሣሪያና ለምርምር ግን ዲስክሪሚኔት ቢትዊን ችግር የለበትም። «ዲስክሪሚኔቲንግ ቴስት» ደግሞ ጭራሽ ምስጋና ነው፤ ምርጡን ከተራው የሚለይ ሰው ምርጫ ማለት ነው።

ምልክት፦ «ኢት ኢዝ ዲፈር» ወይም «ዲፈረንት ዊዝ»

ዲፈር ራሱ ግስ ስለሆነ ኢዝ አይፈልግም። «ኢት ዲፈርስ ፍሮም» ወይም «ኢት ኢዝ ዲፈረንት ፍሮም» በሉ። ዊዝ ሾልኮ የሚገባው «ከእሱ ጋር ልዩነት አለው» ከሚለው አማርኛችን ነው። «አይ ዲፈር ዊዝ ዩ» ካላችሁ «አልስማማም» ማለታችሁ ነው። እንግሊዞች ዲፈረንት ቱ፣ አሜሪካኖች ዲፈረንት ዛን ሲሉ ትሰማላችሁ፤ ፍሮም ግን ሁለቱም ዘንድ ያስኬዳል።

ምልክት፦ ጽሑፉ ሁሉ ዲፈረንሺዬት ሆኗል

ይህ የተማረ ሰው በሽታ ነው። የባዮሎጂውም የታሪኩም ፈተና «ዲፈረንሺዬት ቢትዊን» እያለ አሳድጎን፣ መለየት በተባለ ቁጥር ብዕራችን ወደዚያ ይሮጣል። መፍትሄው ቃል ከመምረጥ በፊት «እዚህ ቦታ ላይ መለየቱ ምን እየሠራ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። አንድ ጆንያ ቡና መጋዘን ውስጥ ሲያልፍ እንከተለው።

ማሽኑ ድንጋዩንና ገለባውን ከፍሬው ያወጣል። እዚህ ነገሩ በአካል ተነስቶ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ ሴፓሬት ነው። ለቃሚዎቹ ጥቁሩንና ነቀዝ የበሳውን ፍሬ በጣታቸው እያነሱ ያወጣሉ፤ ፒክ አውት። ፍሬውን በዓይነትና በደረጃ እየመደቡ ከሆነ ሶርት። ቀጥሎ ቀማሿ በማንኪያ ፉት ትልና «ይሄኛው ይርጋጨፌ፣ ያኛው ሐረር» ትላለች። ከቦታው የተንቀሳቀሰ ነገር የለም፤ የተለየው በአእምሮዋ ነው። ይህ ዲስቲንግዊሽ ነው፤ በተራ ወሬ ደግሞ «ሺ ካን ቴል ይርጋጨፌ ፍሮም ሐረር»። እንደገና ፉት ብላ፣ ትንሽ ዝም ብላ፣ ከሥር የጃስሚን አበባ የመሰለ ሽታ ብታገኝ ዲሰርን አደረገች ይባላል፤ በቀላሉ የማይገኘውን በትኩረት ማስተዋል ነውና። (ዲስከርን ብለው የሚያነቡት አሉ፤ የ«ክ» ድምፅ የለበትም።)

ዲፈረንሺዬት ያለ ጥርጥር ቦታው የሚሆነው መጨረሻ ላይ፣ ላኪው ቡናውን ከተፎካካሪው ለየት እንዲል በአስተጣጠቡም በማሸጊያውም ሲለፋበት ነው። ልዩነቱን ራሱ እየፈጠረ ነው። ለማወቅ ብቻ ሲሆንም ቃሉ አይሳሳትም፤ ግን በየመስመሩ ሲመጣ የፈተና ወረቀት ይመስላል።

ቡናው ላይ እንዳለን ሦስት ተመሳሳይ ቅጽሎችንም እንጨርስ። ዲስቲንክት ማለት ራሱን የቻለ፣ ከሌላው ጋር የማይምታታ ነው። ዲስቲንክቲቭ ደግሞ ባለቤቱን የሚያሳውቅ መለያ ያለው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት የገጠማት ጥያቄ የሁለተኛው ዓይነት ነበር፤ የንግድ ምልክት ሕግ ስሙ ዲስቲንክቲቭ እንዲሆን ይፈልጋል። ዲስቲንግዊሽድ ግን አንቱ የተባለ ማለት ነው፤ ለፕሮፌሰር፣ ለእንግዳ፣ ለዲፕሎማት ይሆናል። «ዲስቲንግዊሽድ ኮፊ» ብሎ የሚያስተዋውቅ ሰው ጀበናውን አንቱ እያለው ነው።

ምልክት፦ ሁለቱንም በደንብ አብራርቼ ነጥብ ተቀነሰብኝ

ጥያቄው «ዲስቲንግዊሽ ቢትዊን ማይቶሲስ ኤንድ ሚዮሲስ» ነበር (ሁለቱም የሴል አከፋፈል ዓይነቶች ናቸው)፤ ተማሪው የአንዱን ትርጉም በአንድ አንቀጽ፣ የሌላውን በሌላ አንቀጽ ጻፈ። የተጠየቀው ግን ልዩነቱ ነው። ልዩነቱን ራሱ አራሚው እንዲያወጣው ከተዋችሁ ነጥቡን መከልከሉ አይገርምም። በዌርአዝ («ሲሆን፣ ያኛው ግን» እንደማለት ነው) የታሰረ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ማይቶሲስ ፕሮዲውስስ ቱ ሴልስ፣ ዌርአዝ ሚዮሲስ ፕሮዲውስስ ፎር»። ኮንትራስትም የሚጠይቀው ልዩነት ነው። ኮምፔር ካለ ግን መመሳሰሉንም መጻፍ አለባችሁ።

ምልክት፦ «ቴል አፓርት ዜም»

ተውላጠ ስሙ መሃል ይገባል፦ ቴል ዜም አፓርት። አብዛኛውን ጊዜ ከካን ወይም ከካንት ጋር ይሄዳል፤ ቢያንስ ሁለት ነገርም ይፈልጋል። ሴት አፓርት ሌላ ነው፤ ከብዙኃኑ ጎልቶ እንዲታይ ማድረግ። ቴክ አፓርት ደግሞ መፈታታት ነው፤ መንታ ልጆች ላይ እንዳትጠቀሙበት።

ምልክት፦ «ሰቨራላይዝ» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረንጁ ራሱ አልገባውም

ቃሉ የውሸት አይደለም። የመጣው ከዎርድኔት ሳይሆን አይቀርም። ዎርድኔት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረ፣ ተመሳሳይ ቃላትን በስብስብ የሚያስቀምጥ የቃላት ቋት ነው። ዲስቲንግዊሽ ባለበት ስብስብ ውስጥ ሰቨራላይዝ እና ሲሰርን የሚባሉ፣ ዛሬ ሰው አፍ ላይ የሌሉ ቃላት እኩል ተሰልፈው ተቀምጠዋል። ብዙ የተመሳሳይ ቃላት ድረ ገጾች ያንኑ ገልብጠው ያቀርባሉ፤ የትኛው በየቀኑ እንደሚነገር፣ የትኛው እንደተረሳ አይነግሯችሁም።

መፍትሄው፦ የማታውቁትን ቃል የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጉት። እዚያ ከሌለ፣ ወይም «ሬር» (እምብዛም የማይነገር) አለዚያም «አርኬይክ» (ጥንታዊ) የሚል ምልክት ካለበት እለፉት። ድግግሞሽ ያስፈራቸው ሰዎች ናቸው እንዲህ ዓይነት ቃል የሚያድኑት፤ ዲስቲንግዊሽን ሦስት ጊዜ መድገም ግን አንድ ሰቨራላይዝ ከመጻፍ እጅግ ይሻላል።

ምልክት፦ «ሜክ አውት» ስል ሳቁብኝ

ሜክ አውት በጭጋግ፣ በርቀት ወይም በመጥፎ የእጅ ጽሑፍ ምክንያት በግድ መለየት ነው፦ «አይ ኩድ ጀስት ሜክ አውት ዘ ሳይን»። የሚለየው ነገር ወዲያው ይከተለዋል። መሃል ላይ ዊዝ ከገባ ግን በአሜሪካኖች ወሬ መሳሳም ይሆናል። አለቃችሁን ከሩቅ ለይታችሁት ከሆነ «አይ ሜድ አውት ማይ ቦስ ኢን ዘ ክራውድ» በሉ፤ ኢሜይሉን ከመላካችሁ በፊት ዊዝ አለመግባቷን እዩ።