ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ ያስቆምንበት መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ የቆየ የእህል መጋዘን ወደ መኖሪያ ቤት ስንለውጥ ከሁሉም በላይ ያስቸገረን፣ ዝናብ በሌለበት ሌሊት እንኳ ከቆርቆሮው ወደ መኝታው ቆጥ የሚንጠባጠበው ውሃ ነበር። የሚስማሮቹ ቀዳዳ ሁሉ በሲሊኮን ቢደፈንም ጠብታው አልቆመም። ማለዳ በባትሪ ስመለከት ከሚስማሮቹ የራቀው የቆርቆሮ ገጽ ጭምር በጥቃቅን ነጠብጣብ ተሸፍኖ አገኘሁት፤ ስለዚህ ውሃው ከውጭ የሚገባ ሳይሆን፣ ከማብሰያውና ከመታጠቢያው የሚነሣው እንፋሎት በሌሊት ብርድ የቀዘቀዘውን ብረት ሲነካ የሚፈጠር መሆኑ ተረጋገጠ። ከቆርቆሮው ሥር 5 ሴንቲ ሜትር የአየር መተላለፊያ ትተን ፋይበር ግላስ (ብርድና ሙቀት እንዳያልፍ የሚያግድ የመስታወት ቃጫ ምንጣፍ) አነጠፍን፤ ከእሱ በታች፣ በክፍሉ በኩል፣ ወፍራም ላስቲክ ወጥረን መጋጠሚያዎቹን አሸግንና ኮርኒስ ሠራን። ላስቲኩ የግድ በሞቃቱ ወገን መሆን አለበት፤ አለዚያ እርጥበቱ ፋይበር ግላሱ ውስጥ ይጠራቀማል። አሁን በጥቅምት ብርድም ቆጡ ደረቅ ነው።