ፈረሶችን በአንድ ግቢ ሲለቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ጋሪ ሲጎትት የዋለ ፈረስ ማታ የሚገባው ከሦስት ወይም ከአራት ባልንጀሮቹ ጋር ወደ አንድ ጠባብ ግቢ ነው። ጠዋት አንዱ አንገቱ ተነክሶ፣ ሌላው ሲያነክስ ይገኝና «ያ ፈረስ ክፉ ነው» ተብሎ ይፈረድበታል። ለዓመታት ፈረስ ሳረባ እንዳየሁት ግን አብዛኛውን ጠብ የምንጭረው እኛው ባለቤቶቹ ነን።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ድርቆሹን አንድ ቦታ መከመር ነው። ጉልበተኛው ክምሩ ላይ ይቆማል፤ መናከስ እንኳ አያስፈልገውም፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ማጠፉ ይበቃል። ደካማው ከአጥሩ ሥር ተለጥፎ ያያል፤ የሚደርሰው የተረገጠ ትራፊ ነው። የፈረስ ጨጓራ ባዶ ሆኖም አሲድ ከማመንጨት አያርፍም፤ ለብዙ ሰዓታት ሳይበላ የቆመ ፈረስ ጨጓራው ይቆስላል። ስለዚህ አራት ፈረስ ካለዎት አምስት ክምር ያድርጉ፤ ክምሮቹንም አራርቁ፣ ማዕዘን ውስጥ አያስቀምጡ። አንዱ ሲነጠቅ ወደ ባዶው ይሄዳል፤ ጉልበተኛውም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊጠብቅ አይችልም። ውኃውንም በሁለት ገንዳ ያቅርቡ። ፉርሽካና ገብስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሚጣፍጥ ስለሆነ የሚያጣላው እሱ ነው። ሁሉንም አራርቀው አስረው ለየብቻ ይመግቡ፣ ሲጨርሱ ሁሉንም አንድ ላይ ይፍቱ።

አንዱን አስሮ ሌሎቹን መልቀቅ ሁለተኛው ነው፤ እኔን በጣም የሚያመኝም ይህ ነው። ጥቁር ውኃ ወንዝ አጠገብ ፈረሶች ሣር ሲግጡ አንዲት ዳማ ባዝራ በችካል ታስራ አየሁ። የተለቀቀ መጋላ ፈረስ መጣባት። ልትሸሽ ስትል ገመዱ አለቀና ወደ ኋላ መለሳት፤ ዞራ ስትመጣ የኋላ እግሯ ላይ ተጠመጠመ። ስንደርስ ከሰኮናዋ በላይ ያለው ቆዳ ተገፎ ሥጋው ይታይ ነበር። የፈረስ ዋናው መከላከያ ሩጫው ነው፤ የታሰረ ፈረስ እሱን ተነጥቋል። ወይ ሁሉም ይታሰሩ፣ ተራርቀው፤ ወይ ሁሉም ይለቀቁ።

ከገበያ የተገዛውን ፈረስ በዚያው ማታ መቀላቀልም የተለመደ ነው። መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ያህል ለብቻው ያቆዩት፤ ትኩሳት ወይም የአፍንጫ ፈሳሽ ካለበት በዚያ ጊዜ ይታወቃል። ቀጥሎ በአጥር ማዶ ለማዶ ለጥቂት ቀናት ይተያዩ፣ ከዚያም በቀን ብርሃን፣ ሰፊ ቦታ ላይ፣ መጀመሪያ ከነባሮቹ ረጋ ካለው ጋር ይገናኝ። የኋላ እግር የብረት ጫማ ካላቸው ከዚያ በፊት ቢወልቅ መልካም ነው፤ በብረት የተመታ አጥንት ሊሰበር ይችላል።

የተበደለውን ፈረስ ጨለማ ክፍል ውስጥ ለብቻው መዝጋትስ? ይህ የሚደረገው በርኅራኄ ስለሆነ ሰው ስህተት መሆኑን ለመቀበል ይቸገራል። ፈረስ ቆሞ ያሸልባል፤ ጥልቁን እንቅልፍ ግን የሚተኛው ተጋድሞ ነው፣ ለመጋደምም ደኅንነት ሊሰማው ይገባል። በመንጋ ውስጥ አንዱ ሲጋደም ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ብቻውን የተዘጋው ያሽካካል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ አይጋደምም። እንቅልፍ ያጣ ፈረስ ቆሞ ሲያሸልብ የፊት ጉልበቱ ይከዳዋል። በዳዩ እያባረረ የማያስተኛውም እንዲሁ ነው። እኔ የማደርገው አንገት ለአንገት ሆነው ጋማ የሚተካከኩትን ሁለቱን መርጦ እነሱን አንድ ላይ መለየት ነው። ቦታ ካነሰ በእነሱና በሌሎቹ መካከል እርስ በርስ የሚያሳይ የእንጨት አጥር ይበቃል።

ጆሮ ማጠፍንና አንድ ጊዜ ማስፈራራትን ሁሉ ግን እንደ በደል አይቁጠሩ፤ በዚያ ተራቸውን ይይዛሉ፣ ሰላማቸውም ከዚያ ነው። በደል የሚባለው አንዱ ሁልጊዜ ሲባረር፣ ሲከሳና አዳዲስ ንክሻ ሲደራረብበት ነው።

ንክሻውን «ትንሽ ነው» ብሎ መተውም ዋጋ ያስከፍላል። እንደ ሐዋሳ ባለ ሞቃትና እርጥብ አየር የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃ፣ በቁስል በኩል የሚገባ የፈንገስ በሽታ አለ፤ ቆዳው ላይ እንደ ዶቃ ተሰካክቶ ያብጥና ይፈርጣል። ከተስፋፋ በኋላ ማዳን እጅግ ከባድ ነው። ማታ ከጋሪው ሲፈቱት ጋማውን ገለጥ አድርገው አንገቱንና ትከሻውን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ቁስል ካገኙ በንጹሕ ውኃና ጨው ያጥቡት፣ እብጠት ካለ በማግስቱ ሳይሆን ያኔውኑ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ፤ ልጓሙንና የማሰሪያውን ገመድም ለሌላው ፈረስ አያውሱ።