ሳልሞኔላን ከዶሮ ናሙና በፒሲአር እንዴት መለየት ይቻላል?

ከቢሾፍቱ እርባታ ናሙና ይዞ ልደታ አካባቢ ወዳለ ላብራቶሪ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የፒሲአር ማሽኑ (የሳልሞኔላ ባክቴሪያን ዲኤንኤ አባዝቶ እንዲታይ የሚያደርገው) ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ሥራው የሚበላሸው ግን ናሙናው ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው።

ትኩስ ኩስ ወይም የሞተች ዶሮ ጉበትና ጣፊያ ውሰዱ፤ አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል። በረዶ ባለው ሣጥን አምጡት። ሜክሲኮ ላይ መኪና ሲቆም በፌስታል የታሰረ ኩስ ፀሐይ ላይ ይበስላል።

ከናሙናው አንድ እጅ በ9 እጅ የፔፕቶን ውኃ (ባክቴሪያ የሚያባዛ ፈሳሽ) በጥብጣችሁ በ37 ዲግሪ ለ18 ሰዓት ያህል አቆዩት። አንድ ቀን ለመቆጠብ ይህን የሚዘሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ባክቴሪያው ጥቂት ከሆነ ያመልጣል። ፒሲአር ደግሞ የሞተውን ባክቴሪያ ዲኤንኤም ስለሚያነብ፣ ሕያው የሆነው አስቀድሞ ቢባዛ ውጤቱ የበለጠ ይታመናል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ኢንኩቤተሩን ከጄኔሬተር ጋር አያይዙት።

ዲኤንኤ ለማውጣት ውድ ኪት የግድ አይደለም። ፈሳሹን በሴንትሪፉጅ አዙሩ፣ ዝቃጩን በንጹህ ውኃ በጥብጡ፣ 10 ደቂቃ አፍሉ፣ በበረዶ አቀዝቅዙና እንደገና አዙሩ። ከላይ የጠለለው ይበቃል።

አስቸጋሪው ነገር እዚህ ነው። ኩስ ውስጥ ያለው የሐሞት ጨው ከዲኤንኤው ጋር አብሮ ከመጣ የፒሲአሩን ኢንዛይም ሥራ ያስፈታዋል። ያን ጊዜ የታመመ መንጋ ናሙና ጄሉ (የተባዛው ዲኤንኤ በመስመር መልክ የሚታይበት ዝልግልግ ንጣፍ) ላይ ምንም መስመር ሳያሳይ ይወጣል፤ አርቢውም «ነፃ ነው» ተብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ስለዚህ በየቱቦው የሚታወቅ የመቆጣጠሪያ ዲኤንኤ ጨምሩ። ናሙናው መስመር ሳያሳይ መቆጣጠሪያውም ካልታየ ውጤት የለም፤ «ነፃ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ዲኤንኤውን አሥር እጥፍ አቅጥናችሁ ድገሙት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይፈታዋል። በተቃራኒው በዲኤንኤ ፋንታ ባዶ ውኃ የተጨመረበት ቱቦ መስመር ካሳየ ብክለት አለና የዕለቱን ሥራ በሙሉ ጣሉት። የፒሲአሩ ቅመማና ጄሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ፒፔት ከተሠሩ ይህ መምጣቱ አይቀርም።

የተለመደው ዒላማ ኢንቭ-ኤ የተባለው ጂን ነው፤ በሰፊው የሚሠራበት የፕራይመር (የሚባዛውን ቦታ የሚወስን አጭር ዲኤንኤ) ጥንድ 284 ቤዝ ርዝመት ያለው ቁራጭ ይሰጣል። ለማባዛት 35 ዙር ይበቃል። ጄሉን በኤቲዲየም ብሮማይድ ካቀለማችሁ ያለ ናይትሪል ጓንት አትንኩት።

ኢንቭ-ኤ የሚነግራችሁ ሳልሞኔላ መኖሩን ብቻ ነው፤ የዶሮ ታይፎይድ አምጪው ጋሊናረም ይሁን ሌላ ዓይነት አይለይም። ለዚያም ሆነ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት ለማየት ባክቴሪያውን ማብቀል ያስፈልጋል፤ የፔፕቶኑን ቀሪ ፈሳሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዩት እንጂ አትድፉት።