ኤልክ ሲጠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮሎራዶ ውስጥ የኤልክ (የሰሜን አሜሪካ ትልቅ አጋዘን) የቀስት አደን አብዛኛውን ጊዜ ከሴፕቴምበር 2 እስከ 30 ነው፤ በእኛ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም 20። ወንዱ አብዝቶ የሚጮኸው በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል ነው። ዴንቨርና ኦሮራ ያለው ሐበሻ ለደመራ ሲሰናዳ፣ ተራራው ላይ 300 ኪሎ የሚያልፍ ኮርማ ጥድ ውስጥ ቆሞ ይፎክራል። (ይበላል ወይ ለምትሉኝ፦ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል። የቀረውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ።)

የመጀመሪያው ስህተት ጩኸቱን ሁሉ አንድ አድርጎ መስማት ነው። ብዙዎቻችን የኤልክን ድምፅ የሚያስመስለውን መጥሪያ ገዝተን መንፋት እንጀምራለን እንጂ ማድመጥ አንማርም። የወንዱ ድምፅ ከወፍራም ተነስቶ ወደ ቀጭን ፉጨት ይወጣል፣ አንዳንዴም በአጫጭር ጉርምርምታ ያልቃል። ረጅምና ጥርት ያለ ሆኖ ጉርምርምታ ካልተከተለው፣ «እዚህ ነኝ፣ እናንተስ የት ናችሁ?» እንደማለት ነው። ሻካራ ሆኖ፣ ከሆድ እየወጣ፣ ጉርምርምታው ከተደራረበ ግን ቀረርቶ ነው፤ ባላጋራውን እየጠራ ነው። ሌላም አለ፦ አፈ ጠባብ እንስራ ሲንቆረቆር እንደሚለው «ዱቅ ዱቅ» የሚል ዝቅተኛ ድምፅ። ይህን ከሰማችሁ ወንዱ ሴቶቹ መሀል ነው፣ እናንተም በጣም ቀርባችኋል። ሴቷ እንደ ድመት ስስ «ሚው» ትላለች፤ የጥጃው ደግሞ ከዚያ ይቀጥናል፣ ያጥራል።

ሁለተኛው፣ ፉከራን ከሩቅ በፉከራ መመለስ። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ከሸለቆው ማዶ አንድ ኮርማ ጮኸ፤ መለስኩለት። ደግሞ ጮኸ፤ ደግሜ መለስኩ። ወንድነቱን የነካሁት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ግን በጮኸ ቁጥር ድምፁ ይርቅ ነበር፤ እኩለ ቀን ሲሆን ሁለት ጋራ አልፏል። በኋላ ሲገባኝ፣ ሚስቶቹን የሰበሰበ ኮርማ ጠብ አይፈልግም፤ እየነዳ ይዟቸው ይሄዳል። ሴት ያላገኘው ጎረምሳም ጉልቤ የመጣ መስሎት አፉን ይዘጋል። ፉከራ የሚሠራው አጠገቡ ከደረሳችሁ በኋላ፣ ከ100 ሜትር ባነሰ ርቀት ነው። ያኔም ቢሆን ደረቅ ቅርንጫፍ በወፍራም ዱላ መፋቅ ከጩኸት ይበልጣል፤ ወንዱ ራሱ ሲናደድ ቀንዱን ዛፍ ላይ ያሻሻልና። እስከዚያው ድረስ የሴት ድምፅ ይሻላል፣ እሱም በቁጥብ። በየደቂቃው «ሚው» የምትል ሴት ኤልክ የለችም።

ገላጣ ቦታ ላይ ቆሞ መጥራትም የተለመደ ነው። ኮርማው ድምፁ የወጣበትን ቦታ በትክክል ያውቃል። ከሩቅ ቆሞ ይመለከታል፤ ሴት ካላየ አንዲት እርምጃ አይጨምርም። ስለዚህ ጉብታ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ጥድ በመካከላችሁ ይሁን፤ ሊያያችሁ የሚችለው ቀስታችሁ በሚደርስበት ርቀት ብቻ ሲሆን ነው። ሁለት ከሆናችሁ ጠሪው ከተኳሹ 40 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቀመጥ።

ነፋሱን መርሳት ከሁሉም ይከፋል፤ የሚነገረው ግን አጭር ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትከር አየሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጋራው ሲሞቅ ሽቅብ ይወጣል። ኮርማው ሲመጣ ዞሮ ሽታችሁ በሚነፍስበት በኩል ሊገባ ይሞክራል። ተኳሹን እዚያ መንገድ ላይ አስቀምጡት።

ዝም ሲል ሄደ ብሎ መነሳት። ይህ እኔንም እስካሁን ይፈትነኛል። ጥሪው ተቋርጦ ሃያ ደቂቃ ሲያልፍ እግር ይደነዝዛል፣ ሰው ቡና ያምረዋል። አንድ ጠዋት ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ሳደርግ ከኋላዬ ጭራሮ ቀጭ አለ፤ ስዞር ያየሁት የቀንዱን ጫፍና ቢጫ መቀመጫውን ብቻ ነው። ድምፅ ሳያሰማ ነበር የመጣው። አሁን 45 ደቂቃ ሳልቆጥር አልነሳም።

ድንገት አንድ ስለታም «ዋ!» ከሰማችሁ፣ ያ ጥሪ አይደለም። ገጠር ያደገ ሰው ድኩላ ደንግጦ እንደ ውሻ ሲጮህ ሰምቷል፤ ይህም እንደዚያው ማስጠንቀቂያ ነው። መንጋው ሁሉ ቀና ይላል። ድምፃችሁ ተሰምቷል ወይም ታይታችኋል፤ ባላችሁበት ድርቅ በሉ።

አፍ ውስጥ የሚገባውን የመጥሪያ ላስቲክ ጫካ ገብቶ መለማመድስ? እኔ ቤት ስለተከለከልኩ መኪና ውስጥ፣ አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ ነው የምለማመደው። አጠገቤ የሚያልፉ ሾፌሮች ይታዘቡኛል።

የመጨረሻው፣ የጮኸ ሁሉ ኤልክ ነው ብሎ ማመን። በቀስት ወቅት ብርቱካናማ ልብስ የማይለብስ አዳኝ ብዙ ነው፤ ጫካውም ጠሪ ይበዛበታል። እንስሳውን በሙሉ ሳታዩ፣ በድምፅ ብቻ ቀስት አትሳቡ። ባለፈው ዓመት አንዱን ኮርማ አርባ ደቂቃ ያህል በሴት ድምፅ አባብዬ፣ በእንብርክክ ተጠግቼ ቅርንጫፉን ገለጥ ሳደርግ፣ ፂማም ሰውዬ ግንድ ተደግፎ፣ የፉከራ ቱቦውን አፉ ላይ አድርጎ አየሁት። እሱም ዓይኑ ፈጦ ሴቷን እየጠበቀ ነበር።